አንድ መስመር

ቡሬ፣ ሰኞ ጠዋት፤ ዝናብ ጣራውን ይደበድበዋል፣
ልጁ ከሚለው ቃል ግማሹን ይውጠዋል።
ስም? አልሁት። ቢያድግልኝ። የአባት? አላምረው።
ዕድሜ? ለመስቀል አሥራ አራት ሊሞላው ነው።
የሰረቀው፦ ባትሪ፤ የባጃጅ ባትሪ፣
በእጁ የተገኘ፦ መፍቻና የእጅ ባትሪ።
ምስክር፦ ሁለት። የመናኸሪያው ጥበቃ ልየው፣
ሁለተኛው ባለባጃጁ፤ ጠዋት ነው የለየው።

ይህ ሁሉ ቀላል ነው፤ ቅጹ ቦታ አለው።
ከታች ግን አንድ መስመር፣ ከጣቴ የማትረዝም፣
«የጥፋቱ መንስኤ» ትላለች፤
ብዕሬ እሷ ጋ ሲደርስ ይላል ዝም።

ሌላ ጊዜ «የጓደኛ ግፊት» እላለሁ፣
ወይ «የወላጅ ቁጥጥር ማነስ» ብዬ አልፋለሁ።
መስመሩን በልክ ይሞላል፤ አለቃም አይጠይቅ፣
ሐሰትም አይባል፣ ከእውነትም ብዙ አይርቅ።
ዛሬ ግን ይህ ልጅ ከፊቴ ቆሞ ቅጹን ዘቅዝቆ ያነባል፣
ጣቱን መስመሯ ላይ አኑሮ ይጠይቃል፦
«መንስኤ ማለት ምን ማለት ነው፣ ጋሼ?»
መልስ ፈለግሁለት፣ ኪሴን ዳብሼ፣ ዳብሼ።

«አባትህስ?» «ለሰሊጥ አረማ መተማ ወረደ፤
አንድ ክረምት ብሎን ነበር፣ ሦስተኛው ሄደ።»
«መሬቱስ?» «አጎቴ ያርሰዋል፤ ጤፍ ይዘራበታል፣
እናቴ ድርሻዋን ስትጠይቅ፣ ‹ወንድሜ ይምጣና› ይላታል።»

እናቱን አዝመራ ይሏታል፤ ስሟ እንጂ አዝመራ የላት፣
ጠላ ትሸጣለች፤ ሲመሽ፣ ሰካራም ሲበዛባት፣
«ውጭ ቆይ» ትለዋለች፤ ምን ምርጫ አላት?
ቢያድግልኝ ያለችው እሷ ናት፤ ስሙ ጸሎት ነው፣
«አሜን» የሚል ጠፍቶ እስካሁን ክፍት ነው።

ውጭ ማለት መናኸሪያ ነው፤ ሌሊትም አይተኛም፣
«የማን ልጅ ነህ?» አላለውም፣ ተሳፋሪም ዘበኛም።
ቆራሌው ግን ጠየቀው፤ ስሙን ሳይሆን ኪሎውን፣
መዝኖ ሰጠው፣ እጁ ላይ፣ የገዛ ብሩን፣ የመጀመሪያውን።
መጀመሪያ ጠርሙስ ነበር፤ ከዚያ ብረት፣ ሰው የረሳው፣
ቀጥሎ
ሰው ያልረሳው።
ቅጹን ሁለት ጊዜ አየሁ፤ «ገዢው ማነው?» የሚል የለም፣
ለሸጠ እንጂ ለገዛ ሰው አልታተመም።

«ትምህርትስ?» አልሁት፤ ቀና ብሎ አየኝ፣ ትንሽ ፈገግ አለ፣
«ከአራተኛ አላለፍሁም፤ መሸኛ ስለሌለ።»
«የምን መሸኛ?» «ከአባይ በረሃ አፋፍ ወደ ከተማ ስንመጣ፣
‹የቀበሌ ወረቀት አምጣ› አሉኝ፤ ወረቀቱ ግን አልወጣ።
ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ። ሰውየው ስልኩን ያያል፣
ማኅተሙ እፊቱ ተቀምጦ፣ ‹ነገ ና› ይለኛል።»

ዝናቡ ያኔ አባራ። ምነው ባላባራ!
ቃሉ ሁሉ ተሰማኝ፣ ከነፊደሉ፣ ተራ በተራ።

እኔ ያን ዓመት ቀበሌ ነበርሁ። ያን ጠረጴዛ አውቀዋለሁ፤
አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ካርቶን አጥፌ አስደግፌዋለሁ።
አወቀኝ ይሆን? እንጃ። ዓይኑ አልጨከነብኝም፣
«ጋሼ» ነው የሚለኝ፤ ሌላ ስም አልሰጠኝም።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም እንላለን፤ እውነት ነው፤
ዱቄቱን የደበቀ፣ ውሃውን የደፋስ ማነው?

መስመሯ ጠባብ ናት፤ አጎቱን ብጽፍ መተማ አይገባባት፣
መተማን ብጽፍ ጠላው ይተርፋል፣ ቆራሌው ይቀርባት፣
ለእኔ ቃል ግን፣ ጉድ ነው፣ የሚበቃ ቦታ አላት፦
«ነገ ና»።
ሦስት ፊደል። ልኳ ናት።

ጻፍኋት። ጽፌም በመዳፌ ሸፈንኋት።

በር ላይ አዝመራ ቆማለች፤ ነጠላዋ ዝናብ ጠጥቷል፣
ልጇን ለማየት ትለምናለች፤ ተረኛው ሰዓቱን ያያል።
ምን እንደሚላት ሳልሰማው አውቀዋለሁ።
ወንበሬን ገፋ አድርጌ ተነሣሁ።
ልጁ አሁንም ጣቱን
ከመስመሯ አላነሣም።